«ዓይኔ እስኪመለስ ሠርጌን ላራዝመው?»

የአንባቢ ጥያቄ

ውድ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ ደሴ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት እየበላሁ እከሳ ጀመር፣ ልቤ ይመታል፣ ጠመኔ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ተመርምሬ የታይሮይድ ዕጢ ሕመም ነው፣ ግሬቭስ ይባላል አሉኝ። ፒቲዩ የሚባል መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። ልቤ ተረጋግቷል፣ ክብደቴም ተመልሷል። ዓይኖቼ ግን እንደፈጠጡ ቀሩ። የላይኛው ቆባቸው ወደ ላይ ተሰብስቦ ነጩ ከላይም ከታችም ይታያል። ሳልቆጣ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ምን አጠፋን?» ይሉኛል።

ጎረቤታችን ወልዳ ልጠይቃት ስገባ፣ የሕፃኑን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ማንም ምንም አላለም፣ ገንፎም አቀረቡልኝ፤ እኔ ግን ገብቶኛል። ከዚያ ወዲህ አራስ ቤት አልሄድም፣ ያለ ጥቁር መነጽር ከቤት አልወጣም፣ ፎቶ የሚነሳበት ቦታ ሁሉ ሰበብ ፈጥሬ እቀራለሁ። ቀለበት አስረናል፤ ሠርጋችን ለጥር ተቆርጦ ነበር። እጮኛዬ ምንም አይለኝም፤ እናቱ ግን «በዘር ይተላለፋል ወይ?» ብለው አክስቴን ጠይቀዋታል። እናቴ ደግሞ «ዓይንሽ ካየልሽ ተመስገን በይ፣ መልክ ምን ያደርጋል» ትለኛለች። ወረፋ ላይ ከኔ የባሰባቸውን ሰዎች እያየሁ ስለ መልኬ ለሐኪሜ መናገር አፈርኩ። ሠርጉን ዓይኔ እስኪመለስ ባራዝመው አይሻልም?

ስሜ ይቆይልኝ፣ ከደሴ

መልስ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ለሐኪምሽ ያልነገርሽውን ነገር ንገሪው። ማፈርሽ ይገባኛል፤ ነገር ግን ስለ መልክሽ የሚሰማሽ ሐዘን ቅብጠት አይደለም፣ የሕመሙ አንድ ክፍል ነው። የዓይን ሐኪሞች ለዚህ በሽታ ብቻ ያዘጋጁት መጠይቅ አለ፤ 16 ጥያቄዎች አሉት። ስምንቱ ስለ ማየት ናቸው፤ ማንበብ ያስቸግርሻል ወይ፣ መንገድ ላይ መሄድስ እያሉ ይቀጥላሉ። የቀሩት ስምንቱ ሙሉ በሙሉ ስለ መልክ ናቸው። መንገድ ላይ ሰው አፍጥጦ የሚያይሽ ይመስልሻል? በራስሽ መተማመንሽ ቀንሷል? መልክሽ የተለወጠውን ለመሸፈን ትሞክሪያለሽ? ፎቶ መነሳት ቀንሰሻል? ደብዳቤሽን ሳነብ መጠይቁን የሞላሽው መሰለኝ። እናትሽ ተመስገን በይ ማለታቸው መልካም ነው፤ ምስጋናው ግን ሕክምና መጠየቅን አይከለክልም። ሐኪሙ ዓይንሽን ለክቶ «ቀላል ነው» ቢልሽ እንኳ፣ የሚሰማሽ ከባድ ከሆነ ከባድ ነው ብለሽ ንገሪው። የሕክምናው ውሳኔ በዚያ ላይም ይመሠረታል።

ልብሽ ተረጋግቶ ዓይንሽ ለምን እንደቀረ ላስረዳሽ። የሰውነትሽ መከላከያ ተሳስቶ ዕጢሽን ይነካካል፤ በዚያው ስህተት ከዓይን ጀርባ ያለውን ሥብና ጡንቻ ያሳብጣል። የዓይን ጉድጓድ ዙሪያው አጥንት ነው፤ ያበጠው ነገር መሄጃ ሲያጣ ዓይንን ወደ ፊት ይገፋዋል። ቆቡ ደግሞ ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ ልጆቹ የተቆጣሽ የሚመስላቸው ለዚህ ነው። ፒቲዩ የዕጢውን ሆርሞን ያስተካክላል፣ ያ ለዓይንም ይጠቅማል፤ ዓይኑ ግን የራሱን መንገድ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እየተለዋወጠ ቆይቶ ይረጋል። አንዳንዱ በደንብ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ደግሞ በከፊል። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው፣ ዕይታው አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር፣ ዓይኑ ለስድስት ወር ያህል ሳይለወጥ እስኪቆይ ይጠብቃል። መጀመሪያ የጉድጓዱ አጥንት ይሰፋል፣ ቀጥሎ ጡንቻው፣ ቆቡ በመጨረሻ ይስተካከላል።

እንግዲህ ሠርግሽን የምታራዝሚው ለየትኛው ወር ነው? ቀኑን ቆርጦ የሚነግርሽ ሐኪም የለም። እኔ አታራዝሚው እላለሁ። እጮኛሽ ምንም አለማለቱ አክብሮት ሊሆን ይችላል፤ ፍርሃትም ሊሆን ይችላል። ቁጭ ብላችሁ አውሩ፤ ዓይኔ በከፊል ብቻ ሊመለስ ይችላል ብለሽ በግልጽ ንገሪው፣ የሚለውንም ስሚው። አማትሽ ለጠየቁት ደግሞ መልሱን በአክስትሽ በኩል ሳይሆን አንቺው ብትሰጫቸው ይሻላል። ሕመሙ አይጋባም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ዝንባሌ አለው፤ እናት አለባት ማለት ግን ልጇ ይያዛል ማለት አይደለም።

ስለ አራሷ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም የያዘኝ ክትባት ክፍል ስሠራ ነው፤ የግራ ዓይኔ ዛሬም ከቀኙ ወጣ ያለ ነው። እናቶች እኔ ጋ ወረፋ ሳይኖር ልጆቻቸውን ታቅፈው ሌላዋ ነርስ ጋ ይሰለፉ ነበር። የቡዳ ፍርሃት መሆኑን ለማወቅ ማንም እስኪነግረኝ አልጠበቅሁም። በኋላ ገና ከበሩ ሲገቡ «ዓይኔ የእንቅርት ሕመም ነው፣ እየታከምኩ ነው፤ ነይ ልጅሽን አምጪው» ማለት ጀመርኩ። ሁሉም አልመጡም፤ ብዙዎቹ ግን መጥተዋል። ሰው ምክንያቱን ካላወቀ የራሱን ምክንያት ይፈጥራል። ስለዚህ ለተማሪዎችሽ አንድ ጠዋት፣ መነጽርሽን አውልቀሽ፣ «ዓይኔን አሞኛል፣ አልተቆጣሁም» በያቸው። የሦስተኛ ክፍል ልጆች ከነገሯቸው በኋላ ቶሎ ይለምዳሉ። ጎረቤትሽ ግን ያደረገችው ነገር ጎድቶሻል፤ ለልጇ ፈርታ ነው ብለሽ ጉዳትሽን አታቅልዪው። ብትችዪ ሂጂና ንገሪያት። ባትችዪም አራስ መጠየቅን ሁሉ አትተዪ፤ ከምትቀርቢያት ጓደኛሽ ጋር ሆነሽ ጀምሪ።

መነጽሩ ፀሐይና ነፋስ ላይ ይጠቅምሻል፤ እቤት ውስጥና ክፍል ውስጥ ግን ቀስ በቀስ አውልቂው። ቀን ሰው ሠራሽ እንባ፣ ማታ የዓይን ቅባት ሐኪሙ ይዘዝልሽ፤ ስትተኚ ራስጌሽን ከፍ አድርጊ። ሲጋራ ይህን የዓይን ሕመም እንደሚያባብስ በደንብ የታወቀ ነው፤ እጮኛሽ የሚያጨስ ከሆነ እቤት ውስጥ አይሁን። «አዮዲን ያለው ጨው አብዢ» የሚልሽን ደግሞ አትስሚ፤ ያንቺ ችግር የአዮዲን እጥረት አይደለም። በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ልናክምሽ ካሉሽ የዓይንሽን ነገር አስቀድመሽ አንሺላቸው፤ አንዳንድ ሰው ላይ የዓይኑን ሕመም ያብሰዋል። ለዓይን ምርመራ ቅርብሽ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው፤ ወደ ላይ ከላኩሽ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ አለ። ዕይታሽ ከደበዘዘ፣ ቀለማት ከፈዘዙብሽ፣ ወይም ዓይንሽ አልከደን ብሎ ካመመሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ሂጂ። ፒቲዩ እየወሰድሽ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ቢመጣብሽም እንዲሁ፤ የደም ምርመራ ያስፈልግሻል።

ልጅ የምታስቡ ከሆነ ከማርገዝሽ በፊት ለሐኪምሽ ንገሪው፤ ሆርሞንሽ መረጋጋት አለበት፣ መድኃኒቱንም በራስሽ እንዳታቋርጪ። የሠርጉን ፎቶግራፈር ደግሞ ቀድመሽ አነጋግሪው። ኃይለኛ መብራት ዓይንሽን ያስለቅሰዋልና ፎቶውን ጠዋት ከቤት ውጪ፣ ጥላ ሥር ያንሳችሁ፤ የእንባ ጠብታሽን ለሚዜሽ ስጫት።