አዌይት ያስለመደኝና ያስረሳኝ

ወንድሜ፣ «አዳዲስ የጃቫስክሪፕት ፊቸሮች የዕለት ሥራችንን በእርግጥ ይቀይራሉ ወይስ ጌጥ ናቸው?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔን ቀይረውኛል። አንዳንዱ ግን የነበረኝን ጥሩ ልማድ አስጥሎኛል።

ሥራ ስጀምር ከሰርቨር መረጃ ማምጣት ማለት ኮልባክ (ሥራው ሲያልቅ እንዲጠራ የምንሰጠው ፈንክሽን) ውስጥ ኮልባክ መክተት ነበር። ደንበኛውን አምጣ፣ እሱ ሲመጣ ትዕዛዙን፣ ትዕዛዙ ሲመጣ ክፍያውን። ኮዱ ወደ ቀኝ እየሸሸ ከስክሪኑ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሮሚስ፣ ማለትም ገና የሚመጣን ውጤት የሚወክል ነገር፣ ጃቫስክሪፕት ቋንቋ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ተነፈስን። እ.ኤ.አ. በ2017 «ውጤቱ እስኪመጣ ጠብቅ፣ ከዚያ ቀጥል» ለማለት የሚያገለግሉት አሲንክና አዌይት ሲጨመሩ ደግሞ ኮዱን እንደ ደብዳቤ ከላይ ወደ ታች ማንበብ ቻልን።

ችግሩ አዌይት እጅግ ይመቻል። አንድ የሽያጭ ሲስተም ላይ የ20 ቅርንጫፎችን ሪፖርት የሚያመጣ ኮድ ጻፍኩ። ፎር ሉፕ (አንድን ሥራ ደጋግሞ የሚያሠራ ኮድ)፣ ውስጡ አዌይት። ሲያነቡት ያምራል። ግን አንዱ ሳያልቅ ሌላው ስለማይጀምርና እያንዳንዱ ጥያቄ ግማሽ ሰከንድ ስለሚወስድ ገጹ እስኪከፈት 10 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ቅርንጫፎቹ እኮ ወረፋ የሚያስይዛቸው ነገር የለም! ሁሉንም በአንዴ ልኬ፣ ብዙ ፕሮሚሶችን አብሮ በሚጠብቀው በፕሮሚስ ኦል ስጠብቃቸው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መጡ። በኮልባክ ጊዜ «ማን ማንን ይጠብቃል?» ብዬ ሳላስብ አንድ መስመር አልጽፍም ነበር። አሁን አዌይት በጻፍኩ ቁጥር ቀጣዩ መስመር ውጤቱን ይፈልገው እንደሆነ አያለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2020 የመጣው ድርብ የጥያቄ ምልክት (??) ደግሞ ባለውለታዬ ነው። ድሮ «ብዛት ካልተሞላ 1 አድርግ» ለማለት በሁለቱ ቋሚ መስመሮች (||)፣ በ«ወይም» ምልክት ነበር የምንጽፈው። ያ ምልክት ግን ዜሮንም እንዳልተሞላ ይቆጥረዋል። ባለሱቁ ዕቃው አልቆ 0 ብሎ ሲሞላ ሲስተሙ 1 አለ ይላል። አዲሱ ምልክት የሚተካው ነል ወይም አንዲፋይንድ (ሁለቱም «ዋጋ የለውም» ማለት ናቸው) ሲሆን ብቻ ነው። ዜሮ ዜሮ ሆኖ ይቀራል።

አብሮት የመጣው የጥያቄ ምልክትና ነጥብ (?.) ላይ ግን ተጠንቀቅ። የምትፈልገው መረጃ ከሌለ ስህተት ከማውጣት ይልቅ አንዲፋይንድ ይመልሳል። በየቦታው ከረጨኸው ስህተቱ ድምፁን ያጠፋል፤ ገጹ ባዶ ስም ያሳያል፣ ምክንያቱን የሚነግርህ የለም። እኔ የምጠቀምበት መረጃው ላይኖር እንደሚችል አስቀድሜ ሳውቅ ብቻ ነው።

የድሮ ኮድህን በሙሉ ለመገልበጥ አትነሳ። ለሌላ ሥራ የከፈትከውን ፋይል፣ እግረ መንገድህን፣ ከኮልባክ ወደ አዌይት አምጣው። ፎር ሉፕ ካገኘህ እዚያ ላይ ቆም በል።