ለደንጌ ትኩሳት አጎበር ብቻውን ይበቃል ወይ ለሚለው ጥያቄ

አይበቃም። ወደ ዛንዚባር ለሥራ ለምትሄደው እህትዎ ከፒያሳ የገዙላት አጎበር ከወባ ይጠብቃታል፤ የደንጌን ትኩሳት የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ትንኝ ግን በአብዛኛው የምትናከሰው በቀን፣ በተለይም ጠዋትና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ስለዚህ ቀን ቀን እጅጌው ረጅም ልብስ ትልበስ፤ ዲት (DEET) የተባለ ትንኝ የሚያባርር ኬሚካል ያለበት መከላከያም ትቀባ።

ዋናው ሥራ ያለው ውኃው ላይ ነው። ይህች ትንኝ የምትራባው በሰው ቤትና ግቢ በተጠራቀመ ውኃ፣ ማለትም በበርሜል፣ በአሮጌ ጎማና በአበባ ማስቀመጫ ሥር ባለ ሳሕን ውስጥ ነው። እንቁላሏ ከውኃው ከፍ ብሎ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ፣ ደርቆም ቢሆን ለወራት ስለሚቆይና ውኃ ሲነካው ስለሚፈለፈል፣ ውኃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ በየሳምንቱ ውስጡን በብሩሽ ፈትጎ ማጠብና አጥብቆ መክደን ያስፈልጋል። ጎረቤቶቿም እንዲሁ ካላደረጉ ድካሟ ግማሽ ነውና ታነጋግራቸው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ከቆላ አገር ተመልሰው ትኩሳት የያዛቸው የሰፈራችን ሰዎች በቀጥታ ከፋርማሲ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ሲገዙ ደጋግሜ አይቻለሁ። እነዚህ በደንጌ ጊዜ መድማትን ስለሚያባብሱ፣ እህትዎም ትኩሳት ከያዛት ፓራሲታሞል ብቻ ትውሰድ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ትኩሳት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ታይፎይድና ታይፈስ ስለሆነም ከየት እንደመጣች ለሐኪሙ ትንገረው። ትኩሳቱ በረደ ብላችሁ አትዘናጉ፤ በዚያን ጊዜ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ማስታወክ ወይም የድድ መድማት ከታየ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ትሂድ።