ሦስት ፒክአፕ አይቻለሁ፤ የቱን ልግዛ?

ጥያቄውን የላኩልኝ አንዲት የአጋሮ ነጋዴ ናቸው። ሱቅ አላቸው። በቡና ወቅት ደግሞ ከጌራና ከጎማ ገጠር ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) እየገዙ አጋሮ ያስገባሉ። እስካሁን በኪራይ አይሱዙ ነበር የሚሠሩት። ኪራዩ ትርፋቸውን ስለበላባቸው ያገለገለ ፒክአፕ ለመግዛት ቆርጠዋል። የሚነዳው ታናሽ ወንድማቸው ነው።

ሦስት መኪና አይተዋል። አንዱ ጅማ ያለ ሲንግል ጋቢና ሃይሉክስ ነው፤ ሞተሩ 3ኤል የሚባለው የቆየ የናፍጣ ሞተር፣ ቀለሙ አዲስ፣ ሻጩም "ሞተሩ ገና ወርዶ የተሠራ ነው" ይላል። ሁለተኛው አዲስ አበባ ደላላ ያሳያቸው ደብል ጋቢና ዲ ፎር ዲ ሃይሉክስ ነው። ቆጣሪው 140,000 ኪሎ ሜትር ይላል፤ ዋጋው ግን ያላቸውን ገንዘብ ጥርግ አድርጎ ይወስዳል። ሦስተኛው የአንድ አጋሮ ነጋዴ ዲማክስ፣ የአይሱዙ ፒክአፕ ነው። ሲንግል ጋቢና፣ 2.5 ሞተር፣ ፎር ዊል የሌለው፣ አካሉ የተላላጠ፣ ዋጋው ግን ከሦስቱም ዝቅ ያለ። "ወንድሜ ዲ ፎር ዲውን ካልገዛሽ እያለ ያስጨንቀኛል፤ የቱን ልግዛ?" ይላሉ።

እህቴ፣ በቀጥታ ልመልስ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የማስፈትሸው ዲማክሱን ነው። እሱ ካልሆነ 3ኤሉን ሃይሉክስ አያለሁ። ዲ ፎር ዲውን ግን በዚህ ገንዘብ አልነካውም።

ዲ ፎር ዲ መጥፎ መኪና ነው ማለቴ አይደለም። ጉልበት አለው፣ ናፍጣ ይቆጥባል፣ ዳገት ላይ ያስደስታል። ወንድምዎ የወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ችግሩ ገንዘቡ ነው። ያለዎትን ሁሉ አውጥተው ከገዙት በመጀመሪያው ብልሽት መኪናው ግቢ ውስጥ ይቆማል። እርስዎም በቡና ወቅት ተመልሰው ኪራይ ውስጥ ይገባሉ። ያገለገለ መኪና ደግሞ ጥገና መጠየቁ አይቀርም። ከያዙት ገንዘብ ቢያንስ አምስት እጅ አንዱን ለዚሁ ያስቀምጡ። ይህን የማያስተርፍልዎት መኪና የቱንም ያህል ቢያምር ከአቅምዎ በላይ ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ዲ ፎር ዲ ኮመን ሬል የሚባለው ዓይነት ሞተር ነው። በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ናፍጣው ከ1,300 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ተጨምቆ ነው ወደ ሲሊንደር የሚረጨው። በድሮዎቹ ሞተሮች የኢንጀክተሩ አፍ የሚከፈተው ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ባር አካባቢ ነው። በዚያ ሁሉ ግፊት የሚሠራ ኢንጀክተር ውስጡ በጣም ስስ ነው። ትንሽ ውሃ ወይም ትንሽ አቧራ ይበቃዋል። እኛ ጋ ደግሞ ናፍጣ ሲጠፋ ከጄሪካን ነው የሚቀዳው፤ የጄሪካኑን ንጽሕና ማንም አይጠይቅም። ኢንጀክተሮቹ ሲያረጁ በማሽን ላይ ተፈትሸው ነው የሚታወቁት፤ ብዙ ጊዜም መፍትሔው መቀየር ነው። የአራቱ ዋጋ የእርስዎን ዓይነት ሥራ ለወራት ያስቆማል።

ከዚህም የከፋ አለ። በእነዚህ ሞተሮች የኢንጀክተሩ የመዳብ ወሸር ማስተላለፍ ሲጀምር የቃጠሎው ጭስ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ ይወፍራል፣ ይጠቁራል። ከታች ያለው የዘይት መምጠጫ ወንፊት ቀስ እያለ ይደፈናል። ከዚያ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል። ከውጭ ምንም ሳይታይ ነው ይህ የሚሆነው። ወንድምዎ አሁንም ካልተዋጠለት፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ በባትሪ መብራት ውስጡን ይይ። ወፍራም ጥቁር ደለል ካየ ክርክሩ ያበቃል።

140,000 የሚለውን ቁጥርም ይርሱት። ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፍሪሲዮንና የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳ፣ የማርሹን እጀታ፣ የሾፌሩን ወንበር ጠርዝ ይመልከቱ። እነዚህ ተልጠውና ተበልተው ቆጣሪው ትንሽ ካሳየ፣ የዋሸው ቆጣሪው ነው።

ዋጋው ለምን እንዲህ ሰማይ ነካ የሚሉ ብዙ ናቸው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን በጣም አስወድዶታል። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ፒክአፕ ከእጅ ወደ እጅ እየተገላበጠ ይሸጣል፤ በየእጁም ጉዳቱ ላይ ቀለም ይደረብበታል። ለዚህ ነው የተላላጠውን ዲማክስ በአዲስ ቀለም ካበራው ሃይሉክስ ይልቅ የማምነው። የተላላጠ አካል የሚደብቀው ነገር የለም።

ዲማክሱ ላይ መጀመሪያ የማየው ሞተሩን ነው። 2.5ቱ 4ጄኤ1 የሚባለው ከሆነ ታይሚንጉ፣ ማለትም ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስኬደው ክፍል፣ በጥርስ ማርሽ የሚዞር መሆኑን መካኒክ ያረጋግጥልዎ፤ ከሆነ የሚበጠስ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) የለውም። ይህ ለአነስተኛ በጀት ትልቅ እረፍት ነው። በዚያ ላይ አይሱዙ የጭነት መኪና የማይሄድበት ገጠር ስለሌለ እጁ የለመደ መካኒክ ማግኘት አይቸግርም። ፖምፓውን (ናፍጣ ወደ ኢንጀክተር የሚገፋውን) ለመለየት ኮፈኑን ይክፈቱና ወንድምዎ የነዳጅ ፔዳሉን ይርገጥ። የብረት ገመድ ፖምፓው ላይ ያለውን ክንድ ከሳበ መካኒካል ፖምፓ ነው፤ በተለመደ የፖምፓ ባለሙያ ይሠራል። ገመድ ከሌለና ሽቦ ብቻ ከሆነ ኤሌክትሮኒክ ነው። ያን ጊዜ ስለ ዲ ፎር ዲ ያልኩት ስጋት እዚህም አለ፤ ዋጋውን በዚያው ልክ ያውርዱ ወይም ይተዉት።

3ኤሉ ሃይሉክስም ጠንካራ ሞተር ነው። 2.8 ሊትር፣ ተርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ቀርፋፋ ነው፤ ተጭኖ ዳገት ሲወጣ ትዕግሥት ይጠይቃል። እሱ ግን በቺንጋ ነው የሚሠራው። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ፒስተን ይመታሉ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይወርዳል። 100,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ መቀየር አለበት። መቼ እንደተቀየረ ሻጩ በደረሰኝ ካላሳየ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ወጪውን ከዋጋው ይቀንሱ። "ሞተሩ ወርዶ የተሠራ ነው" የሚለውን ወሬም ዝም ብለው አይቀበሉ። የቱ ጋራዥ ሠራው? ሬቲፊካ (ሲሊንደሩ በማሽን የሚስተካከልበት) የት ገባ? ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ተቀይሯል ወይስ ጓርኒሲዮን (በክፍሎቹ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ብቻ? የመለዋወጫው ደረሰኝስ? በእውነት ያሠራ ሰው ለእነዚህ መልስ አያጣም፤ ብዙ ገንዘብ አውጥቶበታልና።

አሁን ወደ ፍተሻው። በጠዋት ይሂዱ፤ ሞተሩን እንዳያስነሱት አስቀድመው ይንገሯቸው። ደርሰው ሞተሩን በእጅ ሲነኩት ከሞቀ ሌላ ቀን ይመለሱ። አሮጌ ናፍጣ ሞተር እውነቱን የሚናገረው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። ካንዴሌታው (ሲሊንደሩን የሚያሞቀው) ሞቆ፣ አንዴ ሁለቴ ዞሮ መነሳት አለበት። ረጅም ከዞረ ወይም ሰው ካልገፋው የማይነሳ ከሆነ ኮምፕሬሽኑ ደክሟል፣ አለዚያም ፖምፓው።

እንደተነሳ ጭሱን ይዩ። ነጭ ጭስ ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ ከጠፋ አያሳስብም። ሰማያዊ ከሆነና ካልጠፋ ዘይት ይበላል። ነጩ ሞተሩ ሞቆም ከቀጠለ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። ነዳጅ ሲሰጡት ትንሽ ጥቁር ጭስ ማውጣቱ ግን አያስደንግጥዎት። ከ1,500 ሜትር በላይ ነው ያለነው፤ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ትንሽ ያጨሳል።

ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ። ክዳኑን አፉ ላይ ገልብጠው ያስቀምጡት። ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ምንም አይደለም። ካዘለለው፣ ወይም ከአፉ ጭስ በኃይል እየተነፈሰ ከወጣ፣ ፋሻውና ሲሊንደሩ አልቋል። ይህን ያህል የሚተነፍስ ሞተር ብዙም ሳይቆይ መውረዱ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ሳይነሳ ነው የሚከፍቱት፤ ሞቆ ከከፈቱት ያቃጥላል። ውሃው ላይ የዘይት ዓይን እንዳለ ይዩ። ዘይት መለኪያውንም ያውጡ። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ተቀላቅሎበታል፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። እዚህ ላይ ድርድር የለም፣ ይተዉት።

ሞተር ይሠራል፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ይቀየራል። ሻንሲ (መኪናው የተቀመጠበት የብረት አጽም) ግን ከተጎዳ መኪናው አለቀ ማለት ነው። ለዚህ ነው ከሁሉ በላይ ሻንሲ ላይ ጊዜዎን እንዲያጠፉ የምፈልገው። አሮጌ ልብስ ለብሶ ከሥር የሚገባ ሰው ይዘው ይሂዱ። ከጋቢናው ጀርባ፣ ካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) የሚጀምርበት ቦታ፣ በግራም በቀኝም በጥሩ መብራት ይታይ። ትርፍ የተጫነ ፒክአፕ የሚታጠፈውና የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ቀጥሎ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው የንጣፍ ስፕሪንግ) የሚንጠለጠልባቸው ቦታዎች። በብየዳ የተለጠፈ ላሜራ ካለ ለምን እንደተለጠፈ ይጠይቁ። ከሥር አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ትንሽ ይፋቅ፤ ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አግኝተዋል። በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያድርጉት፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ከጎን ቆመው በጋቢናውና በካሶኒው መካከል ያለውን ክፍተት ይዩት። ከላይና ከታች ስፋቱ ከተለያየ፣ ወይም በግራና በቀኝ ካልተመሳሰለ፣ ሻንሲው ጎብጧል። ባሌስትራው ላይ የተጨመረ ንጣፍ ካለ መኪናው ምን ሲጭን እንደኖረ ይነግርዎታል።

ለመንዳት ፍተሻው ጅማ ላይ ከጅሬን ዳገት የተሻለ የለም። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን መንገድ በሦስተኛ ማርሽ ይውጣ። ከተቻለ ካሶኒው ላይ አምስት ኩንታል ይጫንበት። የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ሲወርድ ደግሞ ነዳጁን ለቆ በማርሽ ብቻ ይውረድ፤ ማርሹ ከራሱ ወጥቶ ኖርማል (ባዶ ማርሽ) ከገባ ካምቢዮው ውስጡ ተበልቷል። ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ጎን መጎተት የለበትም። ከኋላ የሚያጉረመርም ድምፅ፣ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቅ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ከዲፈረንሻሉ ነው። ሙቀት መለኪያው ዳገቱ ላይ ከመካከል ማለፍ የለበትም።

ፎር ዊል ስለሌለው ብዙ አይጨነቁ። ጀንፈል የሚገዙት ከኅዳር ወዲህ፣ መንገዱ ሲደርቅ ነው። ደህና የኋላ ጎማና ትንሽ ጭነት ካለው ይሄዳል። ክረምት ላይ ወደ ቀበሌዎቹ የጭቃ መንገድ ለሱቅ ዕቃ መግባት የግድ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ካቴና (የጎማ ሰንሰለት) ይዘውም ቢሆን ይቸገራሉ፤ ያን ጊዜ ዋናው መንገድ ላይ አራግፎ በፈረስ ወይም በሞተር ማስገባቱ ይቀላል። ፎር ዊል ዋጋውንም ጥገናውንም ይጨምራል፤ በዓመት ለጥቂት ወራት ብሎ መክፈሉ አይታየኝም። ደብል ጋቢናም ለእርስዎ ሥራ አይሆንም። የሲንግሉ ካሶኒ 2.3 ሜትር ገደማ ሲሆን የደብሉ 1.5 ሜትር አካባቢ ነው። ጀንፈል ደግሞ ክብደቱ ሳይሞላ ቦታውን የሚሞላ ጭነት ነው።

ወረቀቱ ላይ አጭር ልበል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በራስዎ ዓይን ያመሳክሩ። በሃይሉክስም በዲማክስም የሻንሲ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አካባቢ ሻንሲው ላይ ተቀርጿል፤ የተሞረደ ወይም የተበየደ ከሆነ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ። ከቀረጥ ነፃ የገባ እንደሆነ፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት መዝገቡ ካለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሳያጣሩ ቀብድ አይስጡ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዞርም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማም ያስፈልጋል። "በውክልና ያዘው፣ ስሙን በኋላ እናዞራለን" የሚል ካለ እሺ አይበሉ።

ገዝተው ከገቡ በኋላ ያስቀመጡት ገንዘብ ሥራ ይጀምራል። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የናፍጣና የአየር ፊልትሮ፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት፣ ቺንጋ ያለው ከሆነ ቺንጋው፣ ሁሉም ጭነት ከመጀመሩ በፊት ይቀየር። ቴስቲኒ (የመሪው መጋጠሚያ) እና ክሮቼራም (የኋላ ዘንጉ መጋጠሚያ) በዚያው ይታይ። ጭነቱ ከአሥር ኩንታል አይለፍ፤ ወንድምዎ "ይችላል" ቢልም። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ውሃ ማፍሰሻ ካለ በየሳምንቱ ጥቂት ያፍስስ። ናፍጣ ከጄሪካን መቅዳት ግድ ሲሆን ትንሽ እንዲጠል ያድርግና በንጹሕ ጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልሎ ይቅዳ፤ ከሥር የቀረውን አተላ ሰርባቶዮ (የመኪናው ናፍጣ ታንክ) ውስጥ አይጨምር።