ልጄ ኬጂ ይግባ ወይስ ቤት ይቆይ ላልሽው እህታችን

እህቴ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሦስት ዓመት የሞላውን ልጄን ኬጂ ላስገባው ወይስ ቤት ይቆይ፣ ደሞ ስራ ውዬ ስለምመጣ እየጎዳሁት ይሆን ነው ያልሽው። እኔ ለዓመታት ኬጂ አስተምሬያለሁ፣ ወልጄም አሳድጌያለሁ፣ ያየሁትን ልንገርሽ።

ቤት ውስጥ የሚያወራው ሰው ያለው ልጅ ክፍል እንደገባ ወዲያው ይታወቃል። የገንዘብ ጉዳይ እንዳይመስልሽ፣ ሁሉ ተሟልቶለት ቀኑን ሙሉ ታብሌት ላይ ተጥዶ የሚውል አለ፣ እናቱ ማታ ልብስ እያጣጠፈች ይሄ የማነው፣ ሌላኛው ካልሲ የት ገባ እያለች የምታወራው ደሞ አለ፣ ይሄኛው ልጅ ጓደኛው አሻንጉሊት ሲነጥቀው እጁን ከመሰንዘሩ በፊት በአፉ የኔ ነው መልስልኝ ይላል፣ ይሄ በዚያ እድሜ ትልቅ ነገር ነው እኮ! እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ 3000 ገደማ ህፃናትን የተከታተለ ጥናትም ይሄንኑ ነው ያገኘው፣ ወላጅ ቤት ውስጥ ከልጁ ጋር የሚያደርገው ነገር ከወላጁ ትምህርትና ገቢ ይበልጣል። ጥሩ ኬጂ የገቡት ተጠቅመዋል፣ ግን ሙሉ ቀን የዋለው ከግማሽ ቀኑ የበለጠ አላገኘም። ስለዚ ግማሽ ቀን ብቻ ከሆነ አቅምሽ አትጨነቂ፣ ስራ በመዋልሽም ራስሽን አትውቀሺ፣ ማታ ያለችሽን ሰዓት ስልክሽን አስቀምጠሽ አዋሪው።

አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሰራ ፔሪ የሚባል የኬጂ ፕሮግራም ነበር፣ 123 የድሃ ቤተሰብ ልጆች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ገቡ ግማሾቹ አልገቡም፣ የአይኪው፣ ማለትም የአእምሮ ችሎታ ፈተና ውጤት፣ ልዩነታቸው በጥቂት ዓመት ጠፋ፣ 40 ዓመት ሲሞላቸው ግን የገቡት የተሻለ ገቢ ነበራቸው፣ የታሰሩትም ያንሱ ነበር። ብዙ ሰው የሚረሳው፣ አስተማሪዎቹ በየሳምንቱ ልጁ ቤት ድረስ እየሄዱ ከእናቱ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ይቀመጡ ነበር። ቤትና ኬጂ አንድ ላይ ሲሰሩ ነው እንጂ አንዱን ምረጪ የሚባል ነገር አይደለም።

ኬጂ ስትመርጪ የግድግዳውን ስዕል ተይው፣ ሦስት ዓመት ልጅ ፊደል ቆጠረ ብለውም አያባብሉሽ። ጥግ ላይ ቁጭ ብለሽ አዳምጪ። ቲቸሯ ዝቅ ብላ አይን አይኑን እያየች ታወራዋለች? ጠይቃው እስኪመልስ ትታገሳለች? የሚያለቅሰውን ማን ያቅፈዋል? አንዷ ስንት ልጅ ነው የያዘችው? ቲቸሮች በየጊዜው የሚቀያየሩ ከሆነም ጠይቂ፣ ልጅ የለመደው ሰው ሲጠፋበት ይረበሻል። ቁጭ ብዬ ልይ ስትያቸው አይቻልም ካሉሽ ሌላ ፈልጊ።