«ዕቃችሁን ይዛችሁ ኑ»፦ የአንባቢ ጥያቄዎችና መልሶቼ

ያለ ማሸጊያ ስለሚሸጡ ሱቆች ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። ከደረሱኝ ጥቂቶቹ እነሆ።

የድሮ አይስክሬም ዕቃ ይዤ ብሄድ ይስቁብኛል? ፕላስቲክ ነዋ።

ንጹሕና ደረቅ ይሁን እንጂ ይዘሽ ሂጂ።

ሱቅ ልከፍት ነው። የደንበኛው ዕቃ ሁሉ ክብደቱ ይለያያል፣ እንዴት ልመዝን? ታክሱስ?

ባዶውን መዝነህ ክብደቱን ዕቃው ላይ ጻፍ፣ ሲሞላ ቀንስ። ባዶውን ያለ ክዳን፣ ሙሉውን ከነክዳኑ የመዘንክ ቀን ደንበኛህ የክዳን ዋጋ በምስር ሒሳብ ከፈለ ማለት ነው። ሚዛኑን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያረጋግጥልህ። ታክሱን የሒሳብ ባለሙያ ጠይቅ፤ እኔ የራሴም ግራ ይገባኛል።

ነቀዝ ሊያዘጋኝ ነው።

አዲሱን አሮጌው ላይ እየደፋህ ነዋ! ማስቀመጫው እስከ ታች ይለቅ፣ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ሙላ። የገባበትን ቀን ጻፍበት። የጠረጠርከውን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ 4 ቀን አቆየው፤ እንቁላሉም ይሞታል። ደግሞ የማይሸጠውን አታብዛ። የተበላሸ እህልም ቆሻሻ ነው።

ሁለት ዓመት ሠራሁ። አንድ ደንበኛ ጓዳ ውስጥ ውስጡ ፕላስቲክ ያለው ከረጢት አይቶ «አጭበርባሪ» አለኝ። እውነት አታልያለሁ?

እህቴ፣ ይህቺን ደብዳቤ ሦስቴ አነበብኳት። እስቲ እናስላ። 25 ኪሎ ሩዝ በግማሽ ግማሽ ኪሎ ቢታሸግ 50 ከረጢት ነው። አንድ ትልቅ ከረጢት ከ50 ትንንሾች ድምር በጣም ያነሰ ፕላስቲክ ይፈጃል። ሥራሽ ውሸት አይደለም። ጣጣ ያመጣችብሽ በር ላይ «ዜሮ ማሸጊያ» ብለሽ የጻፍሻት «ዜሮ» ናት። እሷን አንሺና ከረጢቱን ከጓዳ አውጥተሽ ሰው እንዲያየው ፊት ለፊት አስቀምጪው። አቅራቢሽን የወረቀት ከረጢት ጠይቂው። እምቢ ካለ በፈሳሽ ሳሙናው ጀምሪ፤ ባዶ ጀሪካን መልሶ መሙላት ለእሱም ወጪ ይቀንስለታል።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። አዲስ የብርጭቆ ማስቀመጫና የጥጥ ቦርሳም እንደምትሸጪ ጽፈሻል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2011 ባወጣው ጥናት፣ የጥጥ ቦርሳ የአየር ንብረት ጫናው አንዴ ብቻ ከሚያገለግል ስስ ፌስታል እንዲያንስ ቢያንስ 131 ጊዜ መያዝ አለበት። እኔ ራሴ 11 የጥጥ ቦርሳ አለኝ፣ ስምንቱ ከመሳቢያ ወጥተው አያውቁም። ሰው ቤቱ ያለውን ፕላስቲክ ጥሎ አንቺ ዘንድ ብርጭቆ ሲገዛ ደስ አይበልሽ። ያረጀ ዕቃውን ይዞ ለሚመጣ ትንሽ ቅናሽ አድርጊ፣ ደንበኞች የተረፋቸውን ጠርሙስ አጥበው የሚተዉበት መደርደሪያም አዘጋጂ። ከብርጭቆው የምታገኚው ትርፍ ይቀንሳል፣ አውቃለሁ።

ልጄ ኦቾሎኒ አይስማማውም። ባለሱቁ «ማንኪያውን እናጥባለን» ይላል።

አይግዙ። ማንኪያው ቢታጠብ እንኳ ብናኙ አለ፣ የቀደመው ደንበኛ እጅ አለ። ለዚህ ልጅ የታሸገና ይዘቱ የተጻፈበት ይሻላል፤ ፕላስቲኩ ይቅር ይበለን። የአለርጂ ሐኪም ካላዩት ደግሞ በዚህ ሳምንት ይውሰዱት። ይህን ለወጉ አይደለም የምለው። ምን መንካት እንደሌለበትና ድንገት ቢያመው ምን እንደሚደረግ ከሐኪሙ በጽሑፍ ይያዙ።

«የሚበሰብስ» የሚል ፌስታል ገዛሁ። ጓሮ ልቅበረው?

ብዙዎቹ 60 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ የማበስበሻ ጣቢያ ይፈልጋሉ። ጓሮህ ያን ያህል ይሞቃል?