ለካምቢዮ፣ ለትራንስፈርና ለዲፈረንሻል አንድ ዘይት ይበቃል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መኪናህ 2012 ሞዴል ሃይሉክስ ደብል ጋቢና፣ ማንዋል፣ ፎር ባይ ፎር ነው። የካምቢዮ፣ የትራንስፈር (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው)፣ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል (ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) ዘይት ልታስቀይር ነው። ሻጩ «85ደብሊው-140 ውሰድ፣ ወፍራም ነው፣ ለሁሉም ይሆናል» ብሎሃል። አንተም ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ እየተንገራገጨ ስለሚገባ፣ ወፍራሙ ዘይት ያስታግሰው ይሆን ብለህ አስበሃል።

አጭሩ መልስ፦ አይሆንም። ለአራቱም ቤት አንድ ዘይት አትግዛ። 140ን ደግሞ ካምቢዮ አጠገብ አታድርሰው። ረጅሙን የምጽፍልህ እኔ ራሴ ይህንኑ ስህተት ሠርቼ ስለከፈልኩበት ነው።

ከዓመታት በፊት የመስክ ሥራ ላይ ነበርኩ። መንገዴ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ጣርማ በርን ወርዶ እስከ ሠመራ ነበር። የምነዳት ሃይሉክስ የኋላ ዲፈረንሻሏ ትንሽ ማዜም ጀምራ ነበር። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። «140 እናድርግላት፣ ዝም ትላለች» አሉኝ። እውነትም ዝም አለች። እግረ መንገዳቸውን ካምቢዮውንም ትራንስፈሩንም በዚያው ዘይት ሞሉልኝ። እኔም አመስግኜ ወጣሁ!

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙም አልታወቀኝም። ደብረ ብርሃን አድሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ወሩ ኅዳር ነው፣ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። የማርሹ ዘንግ ጭቃ ውስጥ የተተከለ ዱላ ሆኖ ጠበቀኝ። አንደኛ በግድ ገባ። ሁለተኛ ጭራሽ እምቢ አለ፤ ገፋ ሳደርገው ይጮሃል። ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ እየዘለልኩ ከከተማ ወጣሁ። የሚገርመው ጣርማ በርን ወርጄ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ማርሹ እንደ ቅቤ ነበር። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ማርሹ ቢበላሽ ኖሮ ቆላ ስለወረደ አይድንም ነበር። ችግሩ ዘይቱ ነው።

እኔ ግን ሰነፍኩ። «ሲሞቅ ይስተካከላል» እያልኩ ወራት ነዳሁ። በመጨረሻ ካምቢዮው ወርዶ የሁለተኛው ማርሽ የናስ ቀለበት ተቀየረ። አንዴ ከወረደ ደግሞ ኩሽኔታውም፣ ፓራዮሊውም (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው ጎማ)፣ የእጅ ዋጋውም አለ። ሂሳቡን ባላነሳው ይሻላል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ጣሳው ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አለ። ብዙ ሰው የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ነው፦ 75ደብሊው-90፣ 80ደብሊው-90፣ 85ደብሊው-140። ይህ የውፍረት ቁጥር ነው። ከአጠገቡ በትንሹ የተጻፈው ጂኤል 4 ወይም ጂኤል 5 ነው፣ ይህም ዘይቱ ውስጥ ያለው የመከላከያ ቅመም ደረጃ ነው፤ ለእኔ መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው።

ዲፈረንሻል ውስጥ ያለውን አስብ። ከካርዳኑ (ኃይሉን ከሚያመጣው ረጅም ዘንግ) የሚመጣው ትንሹ ጥርስ ትልቁን ክብ ጥርስ የሚነካው መሃሉ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ነው። ስለዚህ ጥርሶቹ መሽከርከር ብቻ ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። ያ መንሸራተት ዘይቱን ከመሃል ይጠርገዋል። ብረት ከብረት እንዳይነካካ ዘይቱ ውስጥ ድኝና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም ይጨመራል። ጫናና ሙቀት ሲበረታ ቅመሙ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ስስ ሽፋን ይሠራል። በብረቱ ፋንታ የሚፋቀው ያ ሽፋን ነው። ጂኤል 5 ከዚህ ቅመም በብዛት አለው፤ ከጂኤል 4 እጥፍ ገደማ ነው። ያ የሚከረፋ ሽታም ከዚያ ነው የሚመጣው።

ካምቢዮ ውስጥ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ማርሽ ስታስገባ የናስ ቀለበቷ ሾጣጣውን ብረት ጨብጣ ፍጥነቱን ማስተካከል አለባት። ሥራዋ መያዝ ነው፣ መንሸራተት አይደለም። ዘይቱ ከልክ በላይ የሚያንሸራትት ከሆነ አትይዝም። ዘይቱ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ብርድ ላይ ጥሳው መንካት ያቅታታል። በሁለቱም መንገድ ማርሹ ይጮሃል። አንዳንድ የጂኤል 5 ቅመም ደግሞ ናስን ቀስ በቀስ ይበላል። አንተ ልትገዛው የነበረው ዘይት እንግዲህ ወፍራምም ነው፣ እንደ አብዛኛው 85ደብሊው-140 ጂኤል 5ም ነው። እኔን የገጠመኝ ይኸው ነበር።

«የመኪናው መመሪያ ግን ለካምቢዮ ጂኤል 4 ወይም ጂኤል 5 ይላል» የሚልህ ሰው አይጠፋም። ልክ ነው፣ በዚህ ሞዴል ሁለቱም ይፈቀዳሉ። ስለዚህ ጂኤል 5 ያለበት መኪና ነገ ይፈርሳል እያልኩህ አይደለም። ነገር ግን ጂኤል 4 እያገኘሁ ሌላውን ካምቢዮ ውስጥ የማስገባበት ምክንያት አይታየኝም። በተለይ ሁለተኛው ማርሽ ማጉረምረም ከጀመረ። የተገላቢጦሹ ግን ክልክል ነው፦ ጂኤል 4ን ዲፈረንሻል ውስጥ አታስገባ።

ስለ ቁጥሩ ደግሞ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ሰው የማርሽ 90 ሲባል «40» ከተባለው የሞተር ዘይት በእጥፍ የወፈረ ይመስለዋል። አይደለም። የሞተርና የማርሽ ዘይት መለኪያቸው የተለያየ ነው። የማርሽ 90 ሲሞቅ ከሞተር 40 ወይም 50 ጋር ተቀራራቢ ነው። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር የብርድ ጠባዩን ይነግርሃል፣ ከኋላው ያለው የ100 ዲግሪ ውፍረቱን። 75ደብሊው የሚፈተነው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ ነው፣ 80ደብሊው 26 ላይ፣ 85ደብሊው 12 ላይ። «እኛ አገር ማን ከዜሮ በታች 26 አየ?» ትል ይሆናል። እውነት ነው። ግን በዚያ ብርድ ቶሎ የሚፈስ ዘይት በደብረ ብርሃን ጠዋትም ከሌላው ቀጠን ብሎ ይጠብቅሃል። አዲስ አበባም ቢሆን ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ቀልድ አይደለም። 75ደብሊው-90 ማለት እንግዲህ ጠዋት የሚቀጥን፣ ሠመራ በ40 ዲግሪ ሙቀት ደግሞ እንደማንኛውም 90 የሚቆም ዘይት ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ተነስቶ በአንድ ቀን አፋር ለሚወርድ መኪና ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

140 ጨርሶ አይረባም አልልም። ሁልጊዜ ጭኖ በሙቅ አገር የሚሠራ ከባድ መኪና ዲፈረንሻል ላይ ቦታ አለው። ለአንተ ግን ጥቅሙ አይታየኝም። መኪናዋን ያከብዳታል፣ ነዳጅ ይበላል። ደግሞ የሚያዜም ዲፈረንሻልን ዝም ማሰኘት ማዳን አይደለም። ያገለገለ መኪና ሊሸጡ ሲሉ 140 ሞልተው የሚያመጡ አሉና፣ የምትገዛ ሰው ካለህ ንገረው።

እንግዲህ በአንተ ቦታ ብሆን የምገዛው ይህን ነው። ለካምቢዮና ለትራንስፈር 75ደብሊው-90 ጂኤል 4። 4 ሊትር ይበቃሃል፣ ትንሽም ይተርፍሃል። ለኋላ ዲፈረንሻል 80ደብሊው-90 ወይም 85ደብሊው-90 ጂኤል 5። ለፊቱ 75ደብሊው-90 ጂኤል 5። ፊቱ ያን ያህል ጫና የለበትምና ቀጭኑ ይስማማዋል። ለሁለቱ ዲፈረንሻል በድምሩ 5 ሊትር ገደማ ያዝ። የኋላው ኤልኤስዲ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሾር ራሱ የሚይዝ ዲፈረንሻል) ከሆነ ግን ተራው ጂኤል 5 አይሆንም፤ ለኤልኤስዲ የተሠራ መሆኑ ጣሳው ላይ የተጻፈበትን ፈልግ። በቁልፍ የሚቆለፍ ሎክ ካለው ግን ተራው ይበቃል።

ይህን የምለው ለአንተ መኪና ነው። አይሱዙ ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። የድሮዎቹ የአይሱዙ ፒካፖች ካምቢዮና ትራንስፈር የሚፈልገው የሞተር ዘይት ነው። አንድ ወዳጄ «የሞተር ዘይት ማርሽ ውስጥ ማን ሲያስገባ አየህ?» ብሎ 90 ሞልቶበት ከማርሹ ጋር ሲታገል ከርሟል። ኦቶማቲክ ያላችሁ ደግሞ የእናንተ ኤቲኤፍ የሚባለው የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፣ እሱም ዓይነት አለው። መመሪያው የጠራውን ስም ካላገኛችሁ በቀለሙ ቀይነት ብቻ አትግዙ።

ጋራዥ ስትሄድ ቁጭ ብለህ እይ። መጀመሪያ የሚፈታው የመሙያው ብሎን ነው፣ የማፍሰሻው አይደለም። ይህን እንደ ቀላል አትየው። የመሙያው ብሎን ዝጎ እምቢ ሊል ይችላል። ዘይቱን ቀድመህ ካፈሰስክ ያለ ዘይት ቆመህ ትቀራለህ። እኔ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደርሶብኝ መኪናዋን እዚያው ጥዬ በታክሲ ገብቻለሁ።

ከማፍሰስህ በፊት 20 ደቂቃ ያህል ንዳት፣ ዘይቱ ሲሞቅ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ማፍሰሻው ብሎን ላይ ማግኔት አለ። እዚያ ላይ እንደ ግራሶ ያለ ጥቁር ለጥላጣ ካየህ አትደንግጥ፣ የተለመደ ነው። በጣት የሚያዝ ስባሪ ብረት ካለ ግን ዘይት መቀየሩ ብቻ አይበቃህም። የብሎኖቹን ቀለበት አዲስ አድርግ፣ ዋጋዋ ከቁጥር አትገባም። ስትሞላ መኪናዋ ሜዳ ላይ ትቁም። አንድ ጎማ በክሪክ ተነስቶ የተሞላ ዘይት ልኩ አይታወቅም። በመሙያው ቀዳዳ መፍሰስ ሲጀምር ያን ጊዜ ሞልቷል።

የወረደው ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ይህም ደርሶብኛል፣ ከጂንካ ማዶ ወንዝ ተሻግሬ። ዲፈረንሻሉ በጉዞ ግሎ ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በአንዴ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። የዲፈረንሻሉ አየር መተንፈሻ ከተደፈነ ወይም ካረጀ ውሃውን በፓራዮሊው ወይም በመተንፈሻው ይስባል። ከዚያ ወዲህ ወንዝ ከመሻገሬ በፊት ጥቂት አሳርፋታለሁ። መተንፈሻውንም በቀጭን ጎማ ወደ ላይ አስረዝሜዋለሁ። ውሃ የገባበትን ዘይት ግን ኪሎ ሜትር ቆጥሬ አልጠብቅም፣ በዚያው ሳምንት ነው የማስቀይረው።

ያለዚያ ኮረኮንችና አቧራ ለሚበዛበት መኪና እኔ በ20,000 ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ። አስፋልት ብቻ ከሆነ 40,000 ይሄዳል። ፎር ዊሉን ደግሞ ዝም ብለህ አታስቀምጠው። ቶዮታ ራሱ በወር አንዴ ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር አስገብታችሁ ንዱ ይላል፣ ፊት ያለው ሁሉ ዘይት እንዲያገኝ። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን አይደለም፣ ኮረኮንች ፈልግ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ማርሽህ ልመለስ። ዘይቱን ከቀየርክ በኋላ ሁለት ሳምንት ስጠው። በርዶ ሲነሳ ብቻ የሚያጉረመርም ከነበረ ለውጡ በመጀመሪያው ጠዋት ሊታወቅህ ይችላል። ኋላ ማርሽም ስታስገባ የሚጮህ ከሆነ ግን ካምቢዮውን ከማውረድህ በፊት ፍሪሲዮኑን አስመርምር። አንዳንዴ በደንብ ስለማይለቅ ነው። የፍሪሲዮን ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመህ ስትረግጥ ማርሹ የሚለሰልስልህ ከሆነ ደግሞ የፍሪሲዮኑን ፓምፖች እይ፣ የላዩንም የታቹንም። ሁለተኛ ብቻውን፣ ሲሞቅም ሲበርድም የሚጮህ ከሆነ ቀለበቷ አልቃለች፤ የትኛውም ዘይት አይመልሳትም። እስክታሠራው ድረስ ግን ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስትወርድ ፍጥነትህን በፍሬን ቀንሰህ፣ ዘንጉን ሳትገፋ በሁለት ጣት ይዘህ አስገባው። እኔ ወራት የነዳሁት እንደዚያ ነው።