የዳንስ ሙዚቃን በሸክላ ማሳተም፦ ጥያቄና መልስ

በርሊን ውስጥ አነስተኛ የሸክላ አሳታሚ ከመሠረትሁ ወዲህ፣ የሃውስና የቴክኖ (ሁለቱም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚሠሩ የዳንስ ሙዚቃ ዓይነቶች ናቸው) ሥራቸውን ማሳተም የሚሹ ብዙ ወገኖች ጽፈውልኛል። ጥያቄዎቻቸውን ሰብስቤ እዚህ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እያንዳንዳቸው 8 ደቂቃ የሚፈጁ አራት ሥራዎች አሉኝ። ሁሉም በአንድ ባለ12 ኢንች ሸክላ ይገባሉ?

መልስ፦ መግባቱንስ ይገባሉ፤ ነገር ግን አልመክርዎትም። ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) በጠነከረ ቁጥር መርፌው የሚሄድበት ቦይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በሰፊው ስለሚወዛወዝ ቦታ ይፈጃል። በደቂቃ 33 ጊዜ በሚዞር ሸክላ አንዱን ገጽ 16 ደቂቃ ካስሞሉት፣ ቀራጩ (ድምፁን ቦይ አድርጎ የሚቀርጸው ባለሙያ) ቦዮቹን ለማቀራረብ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ግድ ይሆንበታል፤ ዲጄው ከሌላ ሸክላ ጋር ሲያቀላቅለውም የእርስዎ ሙዚቃ ደክሞ ይሰማል። በእኔ አስተያየት ሁለቱን ምርጥ ሥራዎች መርጠው፣ በየገጹ አንድ አንድ፣ በደቂቃ 45 ዙር ቢያስቀርጹ ይሻላል። በአንድ ገጽ ሁለት ሥራ የግድ ከሆነ ደግሞ ጠንካራውን ከውጭ፣ ለስለስ ያለውን ወደ መሃል ያድርጉት፤ መርፌው ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር በአንድ ዙር የሚያልፈው ርቀት ስለሚያጥር ቀጫጭን ድምፆች እዚያ ይሻክራሉ።

ጥያቄ፦ ለኢንተርኔት የተዘጋጀው ማስተር (ተስተካክሎ ያለቀው የመጨረሻ የድምፅ ቅጂ) ለሸክላም ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ከ150 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ መሃል ላይ መሰብሰብ አለበት፤ በግራና በቀኝ ተቃራኒ ሆኖ ከተቀረጸ ቦዩ ከፍና ዝቅ ስለሚል መርፌው ሊዘል ይችላል። እኔም በመጀመሪያው ሥራዬ ቤዙን በስቲሪዮ በሰፊው ዘርግቼው ስለነበር ቀራጩ መለሰልኝና ሚክሱን (የድምፆቹን ቅንብር) እንደ አዲስ ሠራሁት። ያጠፋሁት እኔ ነበርሁ፤ ሁለት ሳምንትም አስከፍሎኛል።

ጥያቄ፦ ከቀረጻው በኋላ ምን ይሆናል? የሙከራ ሸክላውንስ እንዴት ልመርምር?

መልስ፦ ቀራጩ ድምፁን ላከር (ለስላሳ ቫርኒሽ መሰል ቅብ) በተቀባ የአሉሚኒየም ሳህን ላይ ይቀርጻል። ሳህኑ በስሱ ብር ይለበጥና በኒኬል ግልባጩ ተወስዶ፣ ከዚያ የማተሚያው ቅርጽ ይወጣል። በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የነበረው የላከር ሳህን ፋብሪካ አፖሎ ማስተርስ ሲቃጠል የላከር ሳህን አምራች በዓለም አንድ የጃፓን ድርጅት ብቻ በመቅረቱ፣ እንደ እኛ ያሉ ትንንሾች ሁሉ ደንግጠን ነበር።

ሁሉም ቅጂ ከመታተሙ በፊት የሚላከው ሙከራ ሲደርስዎ ግን እባክዎ አይቸኩሉ። ብዙውን ጊዜ አምስት ቅጂ ይላካል፤ አምስቱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳምጡ። እኔ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ቁጭ እላለሁ፤ «ጧ» የሚል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ደቂቃውንና ሴኮንዱን እጽፋለሁ። ድምፁ በአንዱ ቅጂ ብቻ ካለ አቧራ ወይም የዚያ ቅጂ ጉድለት ነው፤ በአምስቱም ላይ በዚያው ሴኮንድ ከተሰማ ግን ጉድለቱ በማተሚያው ቅርጽ ላይ ስለሆነ ሥራው ሁሉ ሊበላሽ ነውና ፈጥነው ያሳውቁ። ረዥም የኪቦርድ ድምፅ ከፍ ዝቅ እያለ የሚያነክስ ከመሰለዎት ደግሞ የመሃሉ ቀዳዳ ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ስንት ቅጂ ላሳትም?

መልስ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ 300። የቀረጻውና የማተሚያ ቅርጹ ዋጋ ለ100ም ለ500ም ያው ስለሆነ፣ ቁጥሩ ሲያንስ የአንዱ ዋጋ ይወደዳል። ሂሳቡን በምሳሌ ላሳይዎ። ሱቅ ውስጥ በ14 ዩሮ ከሚሸጥ ሸክላ የጀርመን 19 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲነሳ 11.76 ይቀራል፤ ሱቁና አከፋፋዩ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ እርስዎ እጅ ከ6 ዩሮ ብዙም የማይበልጥ ቢገባ ነው። የአንዱ ማሳተሚያ 6 ዩሮ ከሆነብዎ ትርፍ የለም ማለት ነው። ስለዚህ የተወሰነውን ቅጂ በቀጥታ ለአድማጭ ይሽጡ፤ 300 ሸክላ ከነሽፋኑ ወደ 70 ኪሎ እንደሚመዝንም አስበው ማስቀመጫ ያዘጋጁ።

ጥያቄ፦ ሸክላው ባለ ቀለም ይሁን ወይስ 180 ግራም የሚመዝን ወፍራም?

መልስ፦ ጥቁር፣ 140 ግራም። የተረፈውን ገንዘብ ለማስተሪንግ (ማስተሩን ለማዘጋጀት) ያውሉት።

ጥያቄ፦ ከቀድሞ የአማርኛ ዘፈን ቆርጬ ቢት ብሠራበትስ?

መልስ፦ ዘፈኑ ስላረጀ ብቻ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ ሕግ የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ በጀርመን ደግሞ ለ70። የቀረጻው ባለቤትና የዜማና ግጥም ባለመብቶች የተለያዩ ሊሆኑ ስለሚችሉ ከሁሉም በጽሑፍ ፈቃድ ያግኙ። እነዚያ ሙዚቀኞች በሥራቸው ልክ ሳይከፈላቸው የቀሩበት ጊዜ ብዙ ነውና፣ እኛ ደግመን እንዳናደርገው አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሆኜ ይህን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን ደፍሮ የራሱን ድርጅት አቋቁሞ፣ ሥራዎቹን ውጭ አገር እያሳተመ አውጥቷል። እርስዎ ዛሬ ፋይሉን ከቤትዎ ይልካሉ። የሙከራ ቅጂዎቹን ጥሩ ማጫወቻ ላለው የሚያምኑት ሰው ያስልኩ፤ የሃውስና የቴክኖ ሸክላ ገዢ በብዛት ያለው አውሮፓ ስለሆነም አብዛኛውን እዚያው አከፋፋይ ዘንድ ትተው፣ ለራስዎና ለሙዚቀኞቹ የሚበቃውን ብቻ ያስመጡ።